በሁለት በኩል የሚመታ ዱላ

ወንፊት ልገዛ ነበር የሄድኩት። ባለቤቴ ደቃቅ ወንፊት ፈልጋለች፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ አንድ አንቀጽ እየጻፍኩ ስሰርዝ ስለቆየሁ መላኬን እንደ ምሕረት ቆጥሬ በባጃጅ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። የገባሁበት ሱቅ የሳፊያ ነው። ሳፊያ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ፣ በሦስት ቋንቋ ከደንበኞቿ ጋር እየተከራከረች በአራተኛው ስልክ የምታወራ የቤት ዕቃ ነጋዴ ናት። ባልዲው፣ ጆጉ፣ ወንፊቱ፣ ሁሉም ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። የፈለግኩትን ሳሳያት ከበሩ ኋላ አንድ ረጅም ዱላ አነሳች፤ ጠማማ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋ ወንፊቱን ከሚስማሩ አላቀቀችና እጄ ላይ ጣለችልኝ። ዱላው በአፍንጫዬ አጠገብ ሲያልፍ የሰሊጥ ዘይት ሸተተኝ። ከሰሊጡ ሥር ደግሞ ጎመላካ፣ አናጢዎች በአልኮል በጥብጠው እንጨት የሚያወዙበት ያ ነገር። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሊሸት እንደማይችል አውቃለሁ። ሸተተኝ ግን።

ዱላውን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ዘንጉ ቀጭን ነው፤ መያዣው ላይ የተጠመጠመው ቆዳ ጠቁሮ እንደ መስተዋት ያበራል። ጭንቅላቱ ከወይራ የተጠረበ፣ ከአንድ እፍኝ የማይበልጥ፣ በግራም በቀኝም ጠፍጣፋ ነው። ገለበጥኩት። ከሥሩ ትንሽ የነሐስ ሳህን አለች፤ በሦስት ቪቴ፣ በጠመዝማዛ ሚስማር፣ ታስራለች። የሦስቱም ቪቴ አናት ላይ ያለው መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል። ያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ከባልዲ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

አንባቢ አንድ ነገር ይወቅልኝ፤ ትዝታ አልወድም። በእኔ ዕድሜ ያለ የድሬ ሰው ሁለት ሆኖ ከተቀመጠ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳምቡሳ በዐሥር ሳንቲም እንደነበረ ይነግርሃል። ነበረ። ዐሥሩ ሳንቲም ግን አልነበረንም። ዛፎቹ ይበልጥ ጥላ ነበራቸው ይባላል፤ የሚያስፈልገን ጥላ ትንሽ ስለነበረ ይሆናል፣ እኛ ትንንሾች ነበርንና። ፍቅር ነበር ይባላል፤ የነበረው ፍቅር በአንድ ቧንቧ ለሚቀዱ ዐሥራ ሁለት ቤቶች ሲከፋፈል ምን ያህል እንደሚደርስ ግን ማንም አይነግርህም። ስለ እነዚህ ነገሮች በጋዜጣ ላይ ስንት ጊዜ አሹፌአለሁ። ስለ ጎልፍም አሹፌአለሁ፤ ሀብታሞች ለመራመድ ሰበብ ሲያጡ የፈጠሩት ጨዋታ ነው ብዬ። አሁን ግን በአንድ የጎልፍ ዱላ ሳቢያ ትዝታ ልጽፍ ተቀምጫለሁ። የሚያውቁኝ ይሳቁ፤ ተራቸው ነው።

አባቴ ታደሰ የምድር ባቡር አናጢ ነበር፤ የፉርጎ አናጢ። ቤታችን ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ማዶ ነው፤ ከበራችን ላይ ቆሞ የጣቢያው ሰዓትና የጋሪዎቹ መቆሚያ ይታያል። ፈረሶቹ አንገት ላይ ያለው ቃጭል ከባቡሩ ፉጨት ጋር ሲደባለቅ የሰፈሩ ሴቶች ሰዓት ሳያዩ ሽንኩርት መክተፍ ይጀምራሉ። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ሲቆም ቀጫጭን ሆነው የሄዱ ሴቶች ወፍረው ይወርዳሉ፤ አምስት ቀሚስ ደርበው። የጉምሩክ ሰዎች ይህን ተአምር በየሳምንቱ ሲያዩ አንድም ቀን የተገረሙ አይመስሉም። የኔ የመጀመሪያ ተርጋል ሱሪ እንደዚያ አንዷ ሴት ሆዷ ላይ ተጠምጥማ የመጣች ናት፤ ስለብሳት የሴትየዋ ሙቀት ሳይቀርባት አልቀረም፣ ድሬ ውስጥ የማይሞቅ ልብስ ስለሌለ ለማረጋገጥ አልቻልኩም። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ የሶማሊኛና የዐረብኛ ዘፈን ይለቀቃል፤ ግማሾቻችን ግጥሙን ሳናውቀው እናለቅስበት ነበር።

አባቴ ካኪ ካፖርቱን ለብሶ፣ እርሳሱን ከጆሮው ኋላ ሰክቶ፣ ጠዋት ፊሽካው ሳይነፋ ይወጣል። በእሱ ክፍል አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። ቪቴ ከጠበቀ በኋላ አናቱ ላይ ያለው መስመር ፉርጎው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መተኛት አለበት፤ የወንበሩም፣ የመስኮቱም፣ የበሩም፣ ሁሉም። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተኙ የላላው አንዱ ከሩቅ ይታያል፤ ባቡር ደግሞ ሲነቀንቅ ውሎ ሲነቀንቅ የሚያድር ነገር ነው። አባቴ ይህን ሕግ ወደ ቤት ይዞት መጣ። የቁም ሳጥናችን፣ የእናቴ ሣጥን፣ የበሩ ማጠፊያ፣ ቪቴው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ያይ ነበር፤ ወደ ጅቡቲ። ሰው ቤት ተጋብዞ ሲሄድ እንኳ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ የሰውን በር ቪቴ ያቃናል። እናቴ በኀፍረት ልትሞት ትደርሳለች። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቪቴ ሳይ አናቱን የማይ ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ያን ዱላ ከዚያ በፊት ያየሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሆኜ ለገና በዓል ድሬ መጣሁ። ሰው ሁሉ ጓድ በሚባልበት ዘመን ነበር፤ ከዚህ በላይ አልዘረዝረውም። በዚያ ዕድሜዬ ያላነበብኩት ነገር ካለ ገና ያልታተመ ይመስለኝ ነበር። ምሳ ተበልቶ ካለቀ በኋላ አባቴ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ፊት ከአልጋው ሥር በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ድሮ ከተማው ዳር ፈረንጆች ጎልፍ የሚጫወቱበት ሜዳ እንደነበረ፣ ይህንንም ዱላ ራሱ እንደሠራው ተናገረ። ሰዎቹ ዱላውን እየተቀባበሉ አዩት። ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ “ይኼ ዱላ አንድ ቀን ሹሙን…” ብሎ ጀመረ።

አላስጨረስኩትም። በቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም የስፖርት መዝገበ ዕውቀት አንብቤ ነበርና፣ “አባዬ፣ የጎልፍ ዱላ ፊቱ አንድ ብቻ ነው። ይኼ በሁለት በኩል የሚመታ የገና ዱላ ነው። ፈረንጆቹ ስቀውብህ ይሆናል እንጂ አይጫወቱበትም” አልኩ። ሰዎቹ ሳቁ፤ በቀልዱ ይሁን በድፍረቴ አላውቅም። አባቴ ዱላውን አገላብጦ አየው። “ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ አንብቧል” አለና በአንሶላው መልሶ ጠቀለለው። ከዚያ እናቴን ዳቦ ጨምሪ አላት።

ወሬውን ዳግመኛ አንስቶት አያውቅም። ዱላውም ከአልጋው ሥር ጠፋ። የት እንደሄደ አልጠየቅኩም፤ መጀመሪያ ደንታ ስላልነበረኝ፣ ኋላ ስላፈርኩ። አባቴ ከሞተ ሃያ ዓመት አለፈው። ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ሲያነሣ፣ እኔ ውስጥ ያለችው ያቺ ያላለቀች ዓረፍተ ነገር ነበረች። ሹሙን ምን? መታው? አሸነፈው? ገላገለው? ቋንቋችን ዋናውን ቃል መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እኔ ደግሞ መጨረሻውን ቆረጥኩት። ስንት ሺህ ገጽ ካነበብኩ በኋላ ከሁሉ በላይ ማወቅ የምፈልገው የአንድ አናጢ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ የሚነግረኝ ሰው በምድር ላይ አለ ብዬም አላስብም ነበር።

ሳፊያ ባልዲዎቿ ላይ መቀመጤን አልወደደችውም። ዱላው ስንት እንደሆነ ስጠይቃት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“ሚስትህ ወንፊት ግዛ ብላ ልካህ ዱላ ይዘህ ልትገባ ነው? አቦ፣ ቤት አለህ የለህም?”

አይሸጥም አለች። የአባቷ ነው። አባቷ ጉሌድ ከከተማ ውጭ፣ ጀልዴሳ በምትባል መንደር፣ ከፍየሎቹ ጋር ነው የሚኖረው፤ በየቅዳሜው ግን በጭነት መኪና ከተማ ይመጣል። “እኔን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው ይላል። ውሸቱን ነው ወላሂ። ዱላውን ዘይት ሊቀባ ነው።” ለምን ያን ያህል እንደሚወደው ስጠይቃት አታውቅም፤ ከልጃገረድነቷ ጀምሮ የምታውቀው፣ ሲፈልግ ለእሷ እንኳ የሚከለክለው ዕቃ ነው። ዕቃ ማውረጃ ስታደርገው ወር ሙሉ አኩርፏታል። ወንፊቴን ገዝቼ ወጣሁ። ቅዳሜ እስኪደርስ አምስት ቀን ነበረኝ።

አምስቱን ቀን እንደ ልማዴ አነበብኩ። ድሮ የጎልፍ ዱላ ሁሉ እንጨት ነበር፤ ዘንጉ ከሚለመጥ ጠንካራ እንጨት፣ ጭንቅላቱ ከሆነ የፍራፍሬ ዛፍ፣ አንገቱ ላይ በሰም የተነከረ ሲባጎ ይጠመጠማል፣ ክብደት እንዲኖረው ውስጡ የቀለጠ እርሳስ ይፈሳል። ብረቱ ከመጣ በኋላ እንጨቱ ጡረታ ወጣ። ግን በቀዝቃዛ አገሮች ዛሬም አሮጌ ዱላ እየለቀሙ፣ የአያቶቻቸውን ሱሪ ለብሰው ክራባት አስረው የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ሲመታበት ድምፁ ይለያል፣ እጅ ላይ የሚያስተላልፈው ነገር ይለያል ይላሉ። በስልኬ መስኮት አንድ ነጭ ሽማግሌ ዱላውን በተልባ ዘይት እያሸ፣ “ከሙቀት አርቁት” ብሎ መከረኝ። ይህን የሰማሁት በግንቦት፣ ድሬ ላይ፣ ማራገቢያው መብራት ሄዶበት ቆሞ ሳለ ነው። ከዚያ ሐሙስ ዕለት አንድ ገጽ ላይ ሥዕል አየሁ። በሁለቱም በኩል ጠፍጣፋ የሆነ የእንጨት ዱላ። ድሮ፣ በግራም በቀኝም እንዲመታበት፣ አንዳንድ ባለሙያዎች ይሠሩት ነበር ይላል ጽሑፉ። ያ ወፍራም መዝገበ ዕውቀት ወፍራም ብቻ ነበር ማለት ነው። ስልኩን ደፋሁት። ሠላሳ አምስት ዓመት ተሳስቶ መኖር ሌላውን ሰው ቢሆን ያስጨንቀው ይሆናል፤ እኔን ያስጨነቀኝ ያን ቀን የነበረኝ እርግጠኛነት ነው።

ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ሽርጡ ላይ ኮት የደረበ፣ ጺሙን ሂና የተቀባ ቀጭን ሽማግሌ አንዲት አጭር ዱካ ላይ ተቀምጦ ዱላውን በጨርቅ ሲያሸው አገኘሁት። አዴር አልኩት፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እንደምን አሉ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ እያልኩ ስደረድር አቋረጠኝ። አዲስ አበባ የተማርክ ነህ እንዴ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ምን አድርጌህ ነው እንደ ብዙ ሰው የምታናግረኝ አለ። ድሬ አንተ የማይባል ሰው የለም፤ ረስቼው ነበር። የታደሰ ልጅ ነኝ አልኩት፤ የፉርጎ አናጢው።

እጁ ዱላው ላይ ቆመ።

“የትኛው? ያነበበው?”

ሳፊያ ሻይ አዘዘችልን። እሱም እየቆየ፣ እየሳለ፣ አማርኛው ሲያጥረው በሶማሊኛ እየደገፈ ነገረኝ። ጎልፍ ሜዳው አሸዋ ነበር፤ ሣር የሚባል አልበቀለበትም። ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ግን ከባቡር ወርክሾፕ የተቃጠለ ዘይት በጋሪ እየመጣ አሸዋው ላይ ይፈስና ይደለደላል፤ ጠቁሮ፣ ጠጥሮ፣ እንደ ጠረጴዛ ይሆናል። ሰው በረገጠው ቁጥር ጆንያ እየጎተተ የሚያለሰልሰው ወጣቱ ጉሌድ ነበር። ከተጫዋቾቹ መካከል አንዲት ግሪክ ነበረች፤ ካቲና የምትባል የባቡሩ ቢሮ ታይፒስት፣ ባሏ የሞተባት፣ ግራኝ። ለግራኝ የሚሆነው ብቸኛ ዱላዋ አንገቱ ተሰበረ። ሌላ በመርከብ እስኪመጣ ስንት ወር ነው። ይዛው ወደ ታደሰ ሄደች።

“አባትህ ሠራው። ግን አልሰጥም አለ” አለኝ አዴር ጉሌድ። “የማልሞክረውን ዕቃ አላስረክብም አላት። የፉርጎ ሰው አይደል? ወንበር እንኳ ሳይቀመጥበት አያስረክብም። እሱ ደግሞ ቀኝ ነው፤ ዱላው የግራ። ስለዚህ በሌላው በኩል ለራሱ ፊት አወጣለት። መታበት። ከዚያ ሰጣት።”

ካቲና ባለ ሁለት ፊቱን ስታይ ከሳቀች በኋላ፣ የአንተም ፊት አለበትና እሑድ ና አለችው። ከዚያ ወዲያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንድ ዱላ ለሁለት ይዘው ይጫወቱ ነበር፤ እሷ በግራ ትመታና ታቀብለዋለች፣ እሱ በቀኝ ይመታና ያቀብላታል። በአንድ ዱላ የሚጫወቱ ሰዎች አንዱ ሌላውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ታይፒስትና አናጢ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሜዳ፣ እኩል የሚራመዱበት ሌላ መንገድ ያለ አይመስለኝም። አባቴ ጎልፍ ይጫወት ነበር። እኔ ይህን ሳላውቅ ስለ ጎልፍ ጽፌ አሥቄአለሁ።

አንድ እሑድ የባቡሩ ሹም፣ ፈረንጅ ነው፣ ዱላውን አየ። የሠራተኞቹን የገና ጨዋታ በየዓመቱ ያይ ስለነበር፣ ይኼ እኮ የገና ዱላ ነው ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ካቲና ዱላውን ለታደሰ አቀበለችው። ታደሰ ካፖርቱን አወለቀ፣ አጥፎ መሬት አስቀመጠ፣ መታ። ኳሷ ሄዳ ጉሌድ ያለሰለሰው ጥቁር አሸዋ መሃል ቁጭ አለች። ሹሙ በተራው ሲመታ የእሱ እሾህ ውስጥ ገባች።

“ከዚያስ?” አልኩት።

“ከዚያማ ዝም አለ። በማግሥቱ የራሱን ዱላዎች ለጥገና ወደ ታዴ ላከ።”

ይኼ ዱላ አንድ ቀን ሹሙን ዝም አሰኝቷል። ይኸው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይህ ነበር። ሻዩ እጄ ላይ ሲበርድ የገባኝ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የገና ዱላ ነው ብዬ የሳቅኩት ሹሙ በሳቀበት ቦታ፣ በሹሙ ቃል ነበር። ለሹሙ አባቴ መልስ ነበረው። ያን ቀን ካፖርቱን አውልቆ በአንዲት ወሬ ሊያሳፍረኝ ይችል ነበር፤ ሦስት ምስክሮች ተቀምጠዋል። ዳቦ ጨምሪ አለ እንጂ።

ካቲና አገሯ ስትገባ ለአባቴ የተወችለትን ዱላ አባቴ መቼ ለእሱ እንደሰጠው ጠየቅኩት። ከዚያ የገና በዓል በኋላ ነው አለኝ። ተቆጥቶ ነበር ወይ አልኩ፤ ይህን ስጠይቅ ድምፄ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ።

“ተቆጥቶ? ሻይ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ጋበዘ። ‘ጉሌድ፣ ልጄ መጽሐፍ አንብቦ በሰው ፊት አረመኝ’ እያለ። ወሪያ፣ አንተ ሰው፣ ልጅህ ተሳስቷል፣ እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ሄጄ ልንገረው አልኩት። ‘ተወው፤ አንድ ቀን ሌላ መጽሐፍ ያነባል’ አለኝ። ዱላውን ደግሞ ልጄ ያን አንብቦ እስኪመጣ ቅባት እንዳይለየው አለ። ይኸው እቀባለሁ። ቆየህ።”

ሳፊያ ፊቷን ወደ ባልዲዎቹ አዞረች።

በማግሥቱ እሑድ ፀሐይዋ ስታዘነብል ሦስታችንም በባጃጅ ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወረድን። የድሮው ሜዳ ላይ ቤት ተሠርቶበታል። አዴር ጉሌድ ሰማንያን ያለፈ ሰው ነው፤ ግን ጆንያውን ሳይጎትት፣ አሸዋውን እንደ አንሶላ ሳያለሰልስ መምታት ክልክል ነው አለ። የቀሩት ኳሶች አራት ናቸው፤ በወተት ቆርቆሮ ይዟቸው መጣ። ነጭ አሸዋ ላይ እንዲታዩ ቀይ ተቀብተዋል። መጀመሪያ እሱ መታ፤ በግራ። ግራኝ ሆኖ አይደለም። ጨዋታውን የተማረው ካቲናን እያየ ስለሆነ ሌላ መንገድ እንዳለ አያውቅም። ኳሷ ዝቅ ብላ፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ከዚያ ዱላውን አቀበለኝ። እኔ በአምስት ቀን ንባብ የእግርን አቋምና የትከሻን አዟዟር በቃሌ አውቄ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አሸዋ መታሁ። ሳፊያ ከባጃጁ ጥላ ሆና ይህ ሰው ነው የተማረው አለች። በአራተኛው አገኘኋት። ያ ነጭ ሽማግሌ ስለ ድምፁ እውነቱን ነው፤ በር በዝግታ ሲገጥም የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። እጄ ላይ የመጣውን ግን እሱም ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

ከአሸዋው ጋር ስታገል አንዱ ቪቴ ትንሽ ዞሮ ነበር። አዴር ጉሌድ አሳየኝ። ከኪሴ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁና መስመሩ ከሁለቱ ጋር እስኪተኛ ድረስ አጠበቅኩት። ዱላውን ስጠኝ አላልኩትም፣ እሱም ልስጥህ አላለኝም። ቦታው ሳፊያ በር ኋላ ነው። ቅዳሜ ዘይት፣ እሑድ አሸዋ፤ በዚህ ተስማማን። ለባለቤቴ፣ ለወንፊት ስለላከችኝ ላመሰግናት እንደሚገባኝ ነግሬአታለሁ፤ የወንፊቱ ቀዳዳ ሰፊ ነው አለችኝ፣ ልመልሰውም ነው።

ልንሄድ ስንል ከወንዙ አሸዋ በመኪና ሲጭኑ ከነበሩት ሰዎች አንዱ፣ ጎልማሳ ነው፣ አካፋውን ትቶ መጣ። ዱላውን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ።

“የገና ዱላ ነው አይደል? አውቀዋለሁ።”

አፌን ከፈትኩ። ስለ ዘንጉ፣ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ባለ ሁለት ፊቱ፣ የምለው ሁሉ ተደርድሮ ምላሴ ላይ ነበር። አዴር ጉሌድ ጺሙን እያሸ ያየኛል።

“ልክ ሳትሆን አትቀርም” አልኩትና አንዷን ኳስ እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት።

“በየት በኩል ነው የሚመታው?”

“በተመቸህ” አልኩት።